ጋሽ ሰይድ በችሎት ያመሰገነ ዕለት

ተምር በበላሁ ቁጥር ፍርድ ቤት ትዝ ይለኛል ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እስኪያልቅ ስሙኝ።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። እኔ ከጫጫ መጥቼ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት የተጠጋሁ፣ ቀን ምንጣፍ ቤት የምሠራ፣ ማታ የምማር ኮረዳ ነበርኩ። ምንጣፍ ቤት የምንለው የአቶ መንግሥቴን የሱፍ ምንጣፍ መሥሪያ ነው፤ ከከተማው ዳር ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መስኮት የሌለው ረጅም አዳራሽ። የመንዝ በግ ሱፍ በጆንያ ይመጣል። እኛ ሴቶቹ እናጥባለን፣ እናበጥራለን፣ እንፈትላለን። ሸማኔዎቹ ደግሞ ድሩን በቆመ እንጨት ላይ ወጥረው፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ምንጣፍ ያደርጉታል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ሱፍ የምናጥብበት ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ነበር የሚጠብቀን። እጄ ከመሰነጣጠቁ የተነሳ ደብተር ስገልጥ ወረቀቱን ደም አስነካው ነበር። ቢሆንም ደስተኛ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሥራ ኃላፊያችን ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት ይደውላል። እኔ ፊቴን ለቅለቅ አድርጌ፣ ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ ወደ ማታ ትምህርት እሮጣለሁ። አሥረኛ ክፍል ደርሼ ነበር። አስተማሪ የመሆን ምኞት ነበረኝ። ይህን የነገርኩት ለደስታ ብቻ ነው፤ ደስታ አጠገቤ የምትፈትል፣ አፏ ከእጇ የሚፈጥን ጓደኛዬ ነበረች። ለእሷ መንገር ደግሞ ለገበያ መንገር ስለሆነ፣ በማግስቱ ምንጣፍ ቤቱ ሁሉ "መምህርት ጥሩወርቅ" ይለኝ ጀመር።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ለአዲስ አበባ አንድ ትልቅ አዳራሽ ምንጣፍ ታዘዘ። አቶ መንግሥቴ ሰበሰቡንና፣

"ልጆቼ" አሉ፣ "ይህ ሥራ ግንቦት ሳይገባ ካላለቀ እኔም እናንተም አለቀልን። ማታ ማታ ትቆያላችሁ። የትርፍ ሰዓቱን ሥራው ሲያልቅ በአንድ ላይ፣ ሕጉ እንደሚለው አድርጌ እከፍላችኋለሁ።"

"እኔ ማታ ተማሪ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

"ትምህርቱ የትም አይሄድብሽ። ቦታሽን የሚፈልግ ግን በር ላይ ሞልቷል" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። የሚያስፈራው ፈገግታቸው ነው።

ቆየሁ። ምን ላድርግ? ትምህርት ቤቱም ከቀሪ ብዛት ስሜን ሰረዘው። ዓመቴን ውኃ በላው። ራሴን የማጽናናው በዚያ ገንዘብ ነበር፤ እሱ ሲከፈለኝ ለከርሞ እመዘገባለሁ፣ ለብቻዬ ቤት እከራያለሁ። አክስቴ ቁርጡን ነግራኝ ነበርና፦ "የምትማሪ መስሎኝ ነው ያስጠጋሁሽ። መማሩ ከቀረ ለከርሞ ጫጫሽ ግቢ።" ገንዘቡ ካልመጣ ደብረ ብርሃንም፣ ትምህርቱም፣ አስተማሪነቱም አበቃ ማለት ነበር።

እነዚያን ምሽቶች ግን፣ ይግረማችሁና፣ እወዳቸዋለሁ። ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት ነበር። ከሸማኔዎቹ ሁሉ አንጋፋው ጋሽ ሰይድ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምተነው የማናውቅ። እሱ ረመዳንን ይጾማል፣ እኛ ሁዳዴን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አዳራሹ መስኮት የለውም፣ የከተማው አዛን እኛ ጋ አይደርስም። ፀሐይ መግባቷን በምን ይወቅ? ጋሽ ወርቁ መላ አመጣ። ሰዓቱ ሲቃረብ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ግቢው ይወጣና ወደ ምዕራብ አንጋጦ ይቆማል። ከዚያ በሩን በርገድ አድርጎ "ገባች!" ብሎ ይጮኻል።

አይ ሳቃችን! ጋሽ ወርቁ ማለት በማኅበሩ ጽዋ የሚያወጣ፣ ዓርብ ረቡዕ የማይገድፍ ክርስቲያን ነው። ደስታ "ሙአዚናችን" ብላ ስም አወጣችለት፤ እሱም እየተቆጣ ይስቃል። በአሊዩ አምባ ገበያ ቀን በመንገደኛ ተምር ያስመጣና በወረቀት ጠቅልሎ ጋሽ ሰይድ ወንበር ላይ ያኖራል። ጋሽ ሰይድ በተምሩ ያፈጥራል፣ ከሱፍ ጆንያዎቹ ጥግ ይሰግዳል። ከዚያ ሁላችንም ያመጣነውን እንዘረጋለን፤ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ዳቦው። ሁሉም የጾም ስለሆነ ይህ የማን ነው የሚል የለም። ጋሽ ወርቁም ከመካከላችን ተቀምጦ ይበላል። በልተን ስናበቃ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንሠራለን።

ምንጣፉ አለቀ፣ ተጭኖ ሄደ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። "ጋሼ፣ የትርፍ ሰዓቱስ?" ስንላቸው "ገንዘቡ ከአዲስ አበባ አልመጣም።" ክረምቱ ወጣ። በመጨረሻ ምን አሉን? "የምን ትርፍ ሰዓት? ማን አስቆያችሁ?"

ደሜ ፈላ። ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄድን፣ ሊያስማማን ሞከረ፣ አቶ መንግሥቴ እምቢ አሉ። እኛም ለማመልከቻ ጸሐፊ አዋጥተን ከፍለን የአውራጃው ፍርድ ቤት ከሰስናቸው። ጠበቃ የምንይዝበት አቅም ስለሌለን ጋሽ ሰይድን ወኪላችን አደረግነው።

የችሎቱ ቀን ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ነበር ያደረው። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ከኮታቸው ላይ ወፍራም ሻርፕ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። አቶ መንግሥቴ ከአዲስ አበባ ካስመጡት ጠበቃ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላቸው አንገቱን የደፋ ሰው አየሁ፤ ጋሽ ወርቁ ነው። የእሳቸው ምስክር ሆኖ ነው የመጣው።

ዳኛው ክሱን አስነብበው፣

"ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መሥራታችሁን የሚያውቅ፣ ከራሳችሁ ከከሳሾቹ ሌላ ምስክር አላችሁ?" አሉ።

ጋሽ ሰይድ ተነሣ። "ዘበኛው ያውቅ ነበር፣ ክቡር ዳኛ። እሱ ከሥራ ተሰናብቶ አገሩ ሰላ ድንጋይ ገባ ተባለ፤ ብናፈላልገው አጣነው።"

"ሌላስ?"

"በሩ ተዘግቶብን ከሠራተኛ ሌላ ማን ይየን፣ ጓድ ክቡር ዳኛ!" ብላ ደስታ ከኋላ ጮኸች። ችሎቱ ሳቀ፣ ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

ጠበቃው ቀጠለ። የእያንዳንዳችንን ቃል ሲያጣጥል ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ባለፈው ዓመት የማታ ተማሪ አልነበርሽም?"

"ነበርኩ።"

"ማታ ትምህርት ቤት የተመዘገበች ልጅ፣ ማታ ምንጣፍ ቤት ስትሠራ ነበር ነው የምትይን?"

"ከትምህርት ቤት እየቀረሁ ነው የሠራሁት። በዚሁ ምክንያት ተሰርዣለሁ።"

"መቅረትሽንማ አልካድኩም" አለ፣ ወደ ሰዉ ፈገግ እያለ። "ከትምህርት የምትቀር ኮረዳ ማታ ማታ የት እንደምታመሽ ግን እኛ በምን እናውቃለን?"

ሰው ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ዓመቴን መውሰዳቸው አንሶ ስሜንም ሊወስዱት ነው። ጋሽ ሰይድን ዞር ብዬ አየሁት፤ ጠበቃውን ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ጋሽ ወርቁን አየሁት፤ አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

ዳኛው የተከሳሽን ምስክር ከሰዓት በኋላ እንሰማለን ብለው ተነሡ።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ማንም የያዘውን ምሳ አልፈታም። እኔ እያለቀስኩ ሳለሁ ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

"ጋሽ ሰይድ! ተምሩ!"

"ምን ተምር?"

"ጋሽ ወርቁ ያመጣልህ የነበረው! ፀሐይ ስትገባ 'ገባች' እያለ የሚጮኸው! ያኔ እዚያ መሆናችንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሊመሰክር ሲቆም ጠይቀው! እኔ ያፈጠርኩት የት ነበር በለው!"

ደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ጋሽ ሰይድ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"እሱን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺው።"

"ለምን?"

"ለአላህ ብሎ ነው ያበላኝ። እሱም ቤተ ሰብ አለው፣ እንጀራውም እዚያው ነው። ያጎረሰኝን እጅ ይዤ እንደ ሌባ ችሎት ፊት አላቆመውም። ይህን ሠርቼ የማገኘው ገንዘብ በልጆቼ ጉሮሮ አይወርድም።"

"የእኔስ ዓመት?" አልኩት። ጮኼ ነበር። "እኔ ጫጫ ልገባ ነውኮ! ስሜን ሲያጠፉትስ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ፣ ልጄ" አለ። "ያንቺ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን ይሄን አልችልም።"

ተነሥቶ ከጀሪካኑ ውኃ ቀድቶ ውዱእ አደረገና ከዛፉ ማዶ ነጠላውን አንጥፎ ሰገደ። ጥሩ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠላሁት፣ እውነቴን ነው። የእሱ ማዕድ ይከበር፣ የእኔ ሕይወት ይፍረስ! ደስታ "አንቺ ራስሽ ለምን አትጠይቂውም?" ብትለኝም የምንናገረው በወኪላችን ስለሆነ ማንም አይሰማኝም ነበር። ጋሽ ሰይድ ሰግዶ ሲጨርስም አልተነሣም። ደወል እስኪደወል እዚያው ነጠላው ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያይ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቁ ተጠርቶ ወንጌል ይዞ ማለ። ያ በግቢው የሚያስተጋባ ድምፁ ጠፍቶ እንደ በሽተኛ ነበር የሚናገረው።

"የሥራ መውጫ ሰዓት ስንት ነው?" አለው ጠበቃው።

"አሥራ አንድ።"

"ብረቱን የሚደውለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በዚያ ምንጣፍ ሥራ ጊዜም በየቀኑ ይደውሉ ነበር?"

"በየቀኑ ደውያለሁ።"

ይህ እውነት ነው፤ ደውሏል። የወጣ ግን አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ሐሰቱን እንደ ጉድጓድ ዙሪያውን እየዞረ ሊያልፈው ሲሞክር ይታየኝ ነበር።

"ከተደወለ በኋላ የሚቆይ ሠራተኛ ነበር?"

አቶ መንግሥቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አላስታውስም" አለ ጋሽ ወርቁ።

ጠበቃው እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ዳኛው ወደ እኛ ዞሩ፤ "ለምስክሩ ጥያቄ አላችሁ?"

ጋሽ ሰይድ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ጥያቄ የለኝም፣ ክቡር ዳኛ።"

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ጫጫ ያለው የአባቴ ቤት ደጃፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደስታ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጋሽ ሰይድ ግን አልተቀመጠም።

"ጥያቄ የለኝም" አለ እንደገና። "ይህን ሰው ግን ላመሰግነው እፈልጋለሁ።"

"እዚህ ምስጋና አይቀርብም" አሉ ዳኛው።

"አጭር ነው፣ ክቡር ዳኛ። ከዛሬ በኋላ እኔና እሱ አንድ ቤት ውስጥ የምንገናኝ አይመስለኝም።" መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። "ወርቁ፣ ወንድሜ፤ ያን ረመዳን አዳራሹ መስኮት የለው፣ አዛን አይሰማ፣ በብርድ ግቢው ላይ ቆመህ ፀሐይ መግባቷን ስትነግረኝ የከረምከው አንተ ነህ። ተምሩን ከአገሬ ያስመጣህልኝ አንተ ነህ። ያኔ በየማታው አላህ ይስጥልኝ ብዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ግን አላልኩህም። ዛሬ በሰው ፊት ልበልህ። አላህ ይስጥልኝ። አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ።"

ቁጭ አለ።

ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ጋሽ ሰይድን፣ ከዚያ ጋሽ ወርቁን አዩ።

"ምስክሩ፣ ይህ የተባለው እውነት ነው?"

"ክቡር ዳኛ፣ ይህ ከክርክሩ ጋር አይገናኝም!" ብሎ ጠበቃው ብድግ አለ።

"ተቀመጥ። መገናኘቱን የምወስነው እኔ ነኝ። ምስክሩ ይመልስ።"

አቶ መንግሥቴ ፈገግ ብለው ጋሽ ወርቁን አዩት፤ ያንን ፈገግታቸውን። ጋሽ ወርቁ አሁንም አላስታውስም ቢል ያልፍ ነበር። ጋሽ ሰይድን አየው። ጋሽ ሰይድ መሬቱን ነው የሚያየው፤ መስክርልኝ አላለውም፣ ዓይኑንም አላሳየውም። ጋሽ ወርቁ እንባው በጺሙ ላይ ሲወርድ አየን።

"ምስጋናውን አልተቀበልኩም ልበል እንዴ?" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ ያ የምናውቀው ድምፁ ተመለሰ። "እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ! 'ገባች' የምለው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ።"

"ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሄዱ?"

"የት ይሄዳሉ? አብረን በላን። ሁዳዴም ስለነበር ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ከዚያ ተመልሰው ሥራ ገቡ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ወር በፊትም በኋላም እንደዚሁ ነው፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ምንጣፉ እስኪያልቅ።" ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ይቺ ልጅ የት ስታመሽ ነበር ለተባለውም፣ እኔ ፊት ሱፍ ስትፈትል ነው ያመሸችው። ትምህርቷን ያስቀረናት እኛ ነን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።"

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጋሽ ወርቁ ከቦታው ሊወርድ ብሎ ተመለሰና፣

"ለእኔም አልተከፈለኝም፣ ክቡር ዳኛ" ሲል ዳኛው ራሳቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ተፈረደልን። የትርፍ ሰዓታችን ሕጉ በሚለው ስሌት ታስቦ ይከፈላቸው ተባለ። ጋሽ ወርቁን ግን አቶ መንግሥቴ በመሰከረ ማግስት አባረውት ነበር። ገንዘቡን የተቀበልን ዕለት ደስታ "አዋጥተን እንስጠው" ብትል ጋሽ ሰይድ ተቆጣ፤ "ልትገዙት ነው? ሥራ ነው ያጣው፣ ሥራ እንስጠው።" እንዳለውም አደረግን። ከድርሻችን ግማሹን አወጣንና ሱፍ ገዛን፣ የሽመና እንጨት አቆምን፣ የጋሽ ሰይድን የጓሮ ቤት ተከራይተን ትንሽ የዕደ ጥበብ ማኅበር አቋቋምን። የሥራ ኃላፊያችን ጋሽ ወርቁ ሆነ። በቀረኝ ግማሽ ከደስታ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ ማታ ትምህርትም ተመዘገብኩ።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድን ለብቻው አግኝቼ፣ "አውቀህ ነው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ምስጋናውን። ዳኛው እንደሚይዙት አውቀህ ነው ያመሰገንከው?"

ድሩን ወጠር ወጠር እያደረገ ሳቀ። "ሳያውቁ ያመሰግናሉ እንዴ፣ አንቺ ልጅ? ይልቅ ፍተዪ" አለኝ። ከዚህ በላይ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ከመሞቱ በፊት ልጠይቀው ስሄድም በተኛበት ያንኑ ሳቁን ሳቀብኝ።

ጋሽ ወርቁን ግን፣ ጋሽ ሰይድን ተቀይመኸው ታውቃለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። "ቂም? እኔ እዚያ ወንጌሉን ይዤ ስቆም መውጫ አጥቼ ነበርኮ! እሱ ነው በሩን የከፈተልኝ" አለኝ።

እኔም አስተማሪ ሆንኩ። ከማታ ክፍል ሳልወጣ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከሥራ ተሯሩጦ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ ሲኖር የት ነበርክ ብዬ በሰው ፊት ጠይቄ አላውቅም። እስከዚህ ለሰማችሁኝ ይህን እላለሁ፦ የላባችሁን ጠይቁ፣ አትፈሩ፤ ሕግ ፊት ቁሙ። ያጎረሳችሁም ሰው ካለ በሕይወት ሳለ፣ በሰው ፊት አመስግኑት። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የተማርኩት።

ከዚያ ሁሉ ግን አብልጬ የምናፍቀው የማኅበራችንን የመጀመሪያ ቀን ነው። አዲሱ ሥራ ጣፍጦኝ፣ ሰዓቱን ረስቼ እፈትላለሁ። ጋሽ ወርቁ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ጓሮው ወጣ፣ ወደ ምዕራብ አንጋጦ ቆመ። ከዚያ በሩን በርገድ አድርጎ ከፈተውና ደብተሬን ከመስኮቱ ላይ አንስቶ ጭኔ ላይ ጣለው።

"ልትገባ ነው፣ መምህርት! ተነሽ፣ ውጪልኝ!"